ሽምግልና በመርከብ እንግሊዝኛ

ከህንድ ከተመለስኩ ወዲህ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ባሕሩ ነው። ባሕር ውኃ ነው፤ ብዙ ውኃ። ከዚህ በላይ ስለ እሱ የምለው የለኝም። ይህን የምጽፈው መርከብ ለማይሳፈሩ፣ ይልቁንም እንግሊዝኛ ብንናገር ሰው ይስቅብናል ብለው አፋቸውን ይዘው ለሚኖሩ እኩዮቼ ነው። እኔ ከስልሳ ዓመቴ በኋላ ተናገርኩ። የሳቀም ስቋል፤ አልሞትኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ናትናኤል ቦሌ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አብራው የምትሠራ አኑ የምትባል የህንድ ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። ቤታችን ስትመጣ ከባለቤቴ ከአስካለ ጋር በጥቅሻና በሳቅ ይግባባሉ። እኔ ግን ሰላም ብዬ ወደ ጓሮ እሸሻለሁ። አኑ ለዕረፍት አገሯ ስትገባ አባቷ ሚስተር ጆርጅ "የማላውቀው ቤት ልጄን አልሰጥም" አሏት። እሳቸው ያሰቡላት ሌላ ሰው አለ፤ የዚያ ሰው ቤተሰብም እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይጠብቃል። አኑ ለናትናኤል አባቴ ሳይመርቀኝ አላገባም ብላ ላከችበት። ልጄ ምግብ አልበላ አለ።

አንድ ቀን ላፕቶፑን ይዞ ሳሎን መጣ።

"አባዬ፣ ዙም ላይ እናድርገው። አንተ ሰላም ትላቸዋለህ፣ የቀረውን እኔ ትራንስሌት አደርጋለሁ።"

"ሽምግልና በዙም?"

"ሲሪየስሊ አባዬ፣ አሁን ሁሉም ሰው እንደዛ ነው የሚያደርገው።"

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አልኩት። "ደግሞ ለራሱ ሽምግልና አስተርጓሚ የሆነ ሙሽራ የት አይተሃል? እኔው እሄዳለሁ።"

ያልኩት በቁጣ ነው፤ ካልኩት በኋላ ግን የሚመለስ አልነበረም። ያን ሰሞን ጆሮዬን ቀዶ ጥገና ተደርጌ ሐኪሙ ለጥቂት ወራት አውሮፕላን ከልክሎኛል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔው ጭራሽ ጠላት ሆነብኝ። ይሁን እንጂ ወሎ ሰፈር ጋራዥ ከፍቼ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ ከጅቡቲ ዕቃ የሚያስወጡ ትራንዚተሮችን አውቃለሁ። አንዱ የድሮ ደንበኛዬ ወደ ኮቺን የምትሄድ፣ አንድ ሁለት መንገደኛም የምትይዝ የጭነት መርከብ አገኘልኝ። ኮቺን የአኑ አባት ከተማ ነው።

በደንባችን ሽማግሌ ሲላክ ሦስት ነው፤ የልጁ አባትም ራሱ አይሄድም። ከእድራችን ሁለት ሰዎች ለመንኩ። አንዱ ባሕር አልወድም አለ። ሌላው "በምን አፋችን ልናናግራቸው ነው?" አለኝ። እውነቱን ነው፤ የእኔ እንግሊዝኛ ከመለዋወጫ ካርቶን ላይ ያነበብኩት ነው። አንድ ነገር ግን አናደደኝ። እንግሊዝኛ ሲናገር በተሳሳተ ሰው ላይ ከእንግሊዞቹ ቀድመን የምንስቀው እኛ ነን። ቦሌ ካፌ ተቀምጠን አሳላፊው ሲሳሳት እንስቃለን፣ ሚኒስትር ሲሳሳት እንስቃለን፣ ከዚያ ቤታችን ገብተን ራሳችን ዝም እንላለን። ብቻዬን ለመሄድ ወሰንኩ።

ሰኞ

አስካለ በሶና ቆሎ ቋጠረችልኝ፣ ለሽምግልናው ቀን ነጭ ጋቢ አጠፈችልኝ። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" እያለች ነው ይህን ሁሉ ያደረገችው። ጎረቤቴ አቶ ደምሰው በር ላይ ቆሞ "ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ" ብሎ ተረተብኝ። ቁርበት አልፈልግም፣ ሽማግሌ የሚናገረው ቆሞ ነው ብዬው መኪና ውስጥ ገባሁ።

ናትናኤል ወደ ባቡር ጣቢያው እየነዳ ስልኬ ላይ የሚያስተረጉም ነገር ጫነልኝ። "ዝም ብለህ ትናገራለህ፣ እሱ በእንግሊዝኛ ያወራልሃል" አለኝ። ስልክ ሽማግሌ ሆኖ አያውቅም ብዬ መለስኩለት። ስንሰነባበት አቀፈኝና ሳይለቀኝ ቆየ። እሱን በዚያ ሁኔታ ካየሁት ብዙ ዓመት ሆኖኛል።

ባቡሩ ንጹሕ ነው፣ ወንበሩ ግን ጀርባ አይወድም። አዳማን፣ አዋሽን አልፈን ሲመሻሽ ድሬዳዋ ገባን። እንግዳ ማረፊያ ያደረሰኝ የባጃጅ ሹፌር የልጄ እኩያ ነው፤ "አቦ አንተ፣ ሻንጣህን ወዲህ በል" አለኝ። አዲስ አበባ ቢሆን እንዲህ ያለኝን ልጅ አልምረውም ነበር። ድሬ ግን ትልቁንም ትንሹንም አንተ ይላል፣ ክፋት የለበትም። እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው ብለውኛልና፣ ልምምዴን እዚሁ ጀመርኩ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሻንጣዬን አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞ አስገብቶልኝ ሄደ።

ማክሰኞ

የጅቡቲን ሙቀት ለወሎ ሰፈር ሰው እንዴት እንደማስረዳ አላውቅም። ገና ሲሞቅ የቆየ የመኪና ሞተር ከፍቶ ፊትን ማስገባት ነው። የተኛሁት ፈቲያ የምትባል የኮምቦልቻ ሴት ቤት ነው፤ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብና አልጋ ታዘጋጃለች። ወንድሟ ወሎ ሰፈር ጋራዤ አጠገብ ሱቅ እንዳለው ስታውቅ እኔን ከእንግድነት ወደ ዘመድነት አሸጋገረችኝ፤ የራሷን ክፍል ለቀቀችልኝ፣ ማራገቢያውን ወደ እኔ አዞረችው።

"ጋሼ፣ ለሽምግልና ባሕር ማቋረጥ እርስዎ ነዎት የጀመሩት" አለችኝ ስነግራት።

"እብደት ነው ትያለሽ?"

"አልወጣኝም። አባቴ ለእኔ ሽማግሌ ሲመጣ ከሁለት መንደር ወዲያ የመጡትን ሩቅ ናቸው ብሎ መለሳቸው። እርስዎን ቢያይ ምን ይል ነበር?" ብላ ሳቀች። ከዚያ ሎሚ በላስቲክ ቋጥራ ሰጠችኝ። ባሕር ላይ ሲያቅለሸልሽ ማሽተት ነው አለችኝ።

ረቡዕ

መርከቧ ረጅም ናት፣ ዝገቷ ደግሞ የትየለሌ። ጠርዟ ዙሪያውን ባለ ስለት ሽቦ ታጥሮባታል፤ ለባሕር ወንበዴ ነው አሉኝ። እኔ የመጣብኝ የሲኤምሲ ግቢዎች አጥር ነው። እኛ በደረቅ መሬት ማንን እንደምንፈራ እንጃ።

ሠራተኞቹ ከአምስት ወይም ከስድስት አገር የተውጣጡ ናቸው። የአንዱ ቋንቋ ለሌላው አይገባም፤ ስለዚህ ሁሉም በሥራ ላይ እንግሊዝኛ ይናገራል፣ የማንም የእናት ቋንቋ ግን አይደለም። እንደሚናገሩት አድርጌ ብጽፈው ለአንባቢ አይገባም፤ በአማርኛ ስጽፈው ግን ስብርባሪነቱን አልጠግንለትም፤ እኔም እንደዚያው ነበር የምናገረው።

ከመነሳታችን በፊት የመንሳፈፊያ ጃኬት አለባበስ ልምምድ አደረግን። ያስተማረኝ ዋናው መሐንዲስ ኦርሃን ነው፤ ቱርክ ነው፣ ጺሙ የሸበተ፣ ዕድሜው ወደ እኔ የሚጠጋ። "ገባህ?" አለኝ። እኛ እንደምናደርገው አየር ወደ ውስጥ ስቤ አዎን አልኩት። ኦርሃን ደነገጠ። "ደረት ያምሃል?" አለ። አሁንም አየር ስቤ፣ አይ ደህና ነኝ ለማለት ሞከርኩ። ያኔ ወንበር አምጡ፣ ውኃ አምጡ ተባለ፤ ከመርከቧ ካፒቴን ጋር የተዋወቅሁት የልብ ትርታዬ እየተለካ ነው።

ሐሙስ

ቁርስ ላይ ወጥ ቤቱ እንቁላልና ዳቦ ይዞ መጣ። ሮሜል ይባላል፣ ፊሊፒኖ ነው፣ አጭር፣ ሁልጊዜ ፎጣ ትከሻው ላይ የማይጠፋ። "ትበላለህ?" አለኝ። በጨዋ ደንብ "አይ፣ ይቅርብኝ" አልኩ። ሁለተኛ እስኪለምነኝ እየጠበቅሁ ነው። ሮሜል "እሺ" ብሎ ሳህኑን አንስቶ ሄደ።

ምሳም እንዲሁ ሆነ። ሩዝና የበሬ ሥጋ ነው፣ ሽታው እስከ ኮሪደሩ ይጣራል። "አይ፣ ተመስገን" አልኩ፣ "በሞቴ" የሚል ሰው እየጠበቅሁ። ሳህኑ ሄደ። እራት ላይ ሮሜል ከሩቅ በጣቱ ብቻ ጠየቀኝ፤ እኔም በልማድ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ራሴን ነቀነቅሁ። ክፍሌ ገብቼ የአስካለን በሶ እንደ ሌባ በር ዘግቼ በላሁ። ፈቲያ የሰጠችኝን ሎሚም ጨምቄ ጠጣሁበት፣ ማቅለሽለሹ ረሃብ መሆኑን እያወቅሁ።

ዓርብ

ካፒቴኑ ራሱ መጣ። ከመርከቧ ጋር ችግር አለህ ወይ፣ ለምን አልበላም አልክ ብሎ ጠየቀኝ። ሮሜል ከኋላው ቆሟል፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ምግቤን ናቀብኝ ብሎ አዝኗል። የማውቃቸውን ቃላት ሁሉ ከያሉበት ለቃቅሜ አስረዳሁ። "በእኔ አገር እንግዳ አንደኛ አይ ይላል። ባለቤት ይለምናል። እንግዳ ሁለተኛ አይ ይላል። ባለቤት ይቆጣል። ከዚያ እንግዳ ይበላል።"

ካፒቴኑ ሳቀና ሄደ። ሮሜል ግን አልሳቀም፤ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

"በእኔም አገር እንዲሁ ነው" አለኝ። "እናቴ ጎረቤት ቤት ሦስት ጊዜ ሳትለመን አትበላም። መርከብ ላይ ግን ጊዜ የለም። አዎ አዎ ነው፣ አይ አይ ነው። ሁሉም የቤቱን ጠባይ ቤቱ ትቶ ነው የሚመጣው።"

"እኔ አልተውኩም" አልኩት።

"ታዲያ ትራባለህ" አለኝ፣ እና ጾሜን ስለነገርኩት ምስር ቀቅሎ አመጣልኝ። ሳልለመን በላሁ። ያን ቀን ብቻ ነው የተሸነፍኩለት፤ ከዚያ ወዲያ እሱ እየለመነኝ በላሁ።

ከሰዓት በኋላ ከመርከቧ መኮንኖች አንዱ፣ ወጣት ልጅ፣ ሲያልፍ ከሮሜል ጋር ስናወራ ሰማንና ቆመ። ጥሩ ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ነው፣ አነጋገሩ የዜና አንባቢ ይመስላል። የተናገርኩትን በትክክለኛው እንግሊዝኛ ደገመልኝና ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ ከቦሌ ካፌዎች አውቃታለሁ። "ያልኩት ገብቶሃል?" አልኩት። "አዎ" አለ። "እንግዲያ ጨርሻለሁ" አልኩት። እኔ እሱን የመምሰል ዕቅድ አልነበረኝም፤ የምፈልገው ለአንድ አባት ልጅህን ስጠኝ ብዬ መናገር ነው።

ቅዳሜ

ማዕበል ነበር፤ ስለ እሱ አላወራም። እንደምንም ደረጃውን ይዤ ሞተር ክፍል ወረድኩ፤ መካኒክ ሲጨነቅ ሞተር አጠገብ ይሻለዋል። የመርከቧ ሞተር የሦስት ፎቅ ቤት ያህላል። ሽታው ግን ያው የጋራዤ ሽታ ነው፣ ደስ አለኝ።

ኦርሃን አንዱን ዘይት ተቆጣጣሪ ሲያዝ ሰማሁት። "ሁለተኛውን ፓምፕ አጥፋ" አለው። ልጁ "እሺ" አለ። ኦርሃን ጮኸበት፤ "እሺ አትበለኝ! ያልኩህን መልሰህ ንገረኝ!" ልጁም "ሁለተኛውን ፓምፕ ላጠፋ ነው" አለና ሄደ። መርከብ ላይ ደንቡ ይህ ነው። ትእዛዝ የሰማ ሰው የሰማውን በቃሉ ይመልሳል፤ ያዘዘው ሰው ደግሞ ትክክል መስማቱን ያረጋግጣል። እንግሊዝኛው የሁሉም ስብርባሪ ስለሆነ በሌላ መንገድ መተማመን አይቻልም አለኝ ኦርሃን።

ወሎ ሰፈር ትዝ አለኝ። በእኛ ጋራዥ የእሺ ብዛት! ፍሬኑን ፍታው ስትለው እሺ፣ አትንካው ስትለው እሺ። ማታ መኪናው ሲመለስ ነው ምን እንደሰማ የምታውቀው። እኔ ራሴም ደንበኛ ሲናገር እሺ እያልኩ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦርሃንና እኔ ስናወራ እሺ መባባል ተውን። እሱ ያለውን እኔ እመልሳለሁ፣ እኔ ያልኩትን እሱ ይመልሳል፤ ያልተግባባንበትን እዚያው እናገኘዋለን። እንግሊዝኛ የተማርኩት እንዲህ ነው፣ በመጽሐፍ አይደለም።

እሑድና ሰኞ

ቀኖቹ ተመሳሰሉብኝ፣ ስለዚህ አንድ ላይ ልጻፋቸው። ለምን እንደምሄድ ስለነገርኳቸው ከእራት በኋላ በምግብ ቤቱ የሽምግልና ልምምድ ሆነ። ሮሜል ሚስተር ጆርጅ ሆኖ ይቀመጣል፣ እኔ ፊቱ ቆሜ እናገራለሁ። ሮሜል ጨካኝ አባት ወጣው። "ልጅህ ይጠጣል?" ይለኛል። "ቤትህ ጣሪያው ያፈሳል?" ይለኛል። ሲደክመኝ ኦርሃን ሻይ ይቀዳልኛል።

ሰኞ ዕለት ሮሜል ከሚስተር ጆርጅነቱ ወጥቶ "ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች ኮቺን ነው የሚጠብቁህ?" አለኝ።

"የሉም። ብቻዬን ነኝ።"

"ሦስት ነው ብለኸኝ ነበር።"

"ነበር። ፈሩ።"

ሁለቱ ተያዩ። ኦርሃን ብርጭቆውን አስቀመጠና በእነሱም አገር ልጅ የሚጠየቀው ቤተሰብ ሄዶ እንደሆነ፣ እሱም ለልጁ እንዲሁ ሄዶ እንደጠየቀ አጫወተኝ። "መርከቧ ወደብ ላይ ጥቂት ትቆያለች። እኔ ሁለተኛ ነኝ" አለ። ሮሜልም ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ "ሦስተኛ" አለ። ሰው ፊት ማልቀስ አልወድም፤ ሻይው ትኩስ ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

ረቡዕ

ኮቺን ወደብ የገባነው ጠዋት ነው። አገሩ አረንጓዴ ነው፣ ኮኮናቱ ለምልሟል፣ መንገዱ ግን የእኛው ነው፤ ባጃጁ ቢጫና ጥቁር ከመሆኑ በቀር ሹፌሩ መንገድ ሲቀማ መገናኛ ያለሁ መሰለኝ። ሦስታችን አንድ ባጃጅ ላይ ታጭቀን ሄድን። እኔ ጋቢ ለብሻለሁ፣ ኦርሃን ኮት፣ ሮሜል በካውያ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ።

ቤቱ ቀይ ሸክላ ጣሪያ ያለው ነው። በር ላይ ጫማ ማውለቅ እንዳለብን አላወቅንም ነበር፤ ስናወልቅ የኦርሃን ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ሳሎን ግድግዳው ላይ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ተሰቅሏል። እሱን ሳይ ጉልበቴ ጠና። ሚስተር ጆርጅ ቀጭን ሰው ናቸው፣ መነጽር አላቸው፣ ጡረታ የወጡ የባንክ ሠራተኛ። ባለቤታቸው ሻይ ይዘው መጡ። አኑ ከመጋረጃው ጀርባ እግሯ ይታያል።

"ቁጭ በሉ" አሉን ሚስተር ጆርጅ።

"አንቀመጥም" አልኩ።

"ሻይ ጠጡ።"

"አንጠጣም። አንደኛ እንናገራለን።"

ሰውዬው ተጨነቁ። እንግዳ ቆሞባቸው፣ ሻይ ቀዝቅዞባቸው አያውቅም መሰለኝ። እኔ ግን የተለማመድኩትን ጀመርኩ። "እኔ የናትናኤል አባት ነኝ። ከሩቅ በመርከብ መጣሁ። እነዚህ ወንድሞቼ ናቸው። ልጅዎን አኑን ለልጄ ይስጡን ብለን ቆመናል።" ቃሉ ሳይጎድል ወጣ።

ሚስተር ጆርጅ "ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። መልሴ አይሆንም ነው" አሉ።

ሮሜል በመርከብ ልማዱ "መልስዎ አይሆንም ነው" ብሎ መለሰላቸውና ራሱን አቀረቀረ። ከመጋረጃው ጀርባ የአኑ እግር ጠፋ።

ወጣን። ኦርሃንና ሮሜል ከቀብር የተመለሱ ይመስላሉ፤ እኔ ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ቆሎ አወጣሁና እነሱንም "ብሉ" አልኳቸው። ሮሜል ጭንቅላቴ የተነካ መስሎት በስጋት አየኝ።

"አይሆንም አለ እኮ" አለኝ።

"በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን አይወድም" አልኩት። "በእኛ አገር ይህ መጀመሪያው ነው። ነገ እንመለሳለን።"

"እሱ ግን የአንተ አገር ሰው አይደለም" አለ ኦርሃን። አውቃለሁ። መርከብ ላይ አይ ማለት አይ መሆኑን በራሴ ሆድ ተምሬዋለሁ። ግን ሮሜል እንዳለው ጠባዩን ቤቱ ትቶ የመጣ ሌላ ሰው ነው፤ እኔ የእኔን ይዤ ነው የመጣሁት።

ሐሙስ

መርከቧ ማታ ትነሳለች፤ ስለዚህ ያለን ይህ ቀን ብቻ ነው። ሚስተር ጆርጅ በሩን ከፍተው ሲያዩን ፊታቸው ጠቆረ።

"ትናንት ነግሬአችኋለሁ።"

"ነግረውናል። ሰምተናል" አልኩ። "ለምን እንደሆነ ግን አልነገሩንም።"

እንደገና ቆምን። እሳቸውም አልተቀመጡም። ከዚያ ድምፃቸው ከፍ አለና ብዙ ተናገሩ፤ ፈጥነው ስለሆነ ሁሉንም አልያዝኩትም። ሲጨርሱ እሺ አላልኩም። የሰማሁትን መለስኩላቸው።

"እርስዎ እንዲህ አሉ። ልጄ መጥፎ ነው።"

"አላልኩም!" አሉ ደንግጠው። "ልጅህ ጥሩ ነው። አኑ ነግራኛለች።"

"እንግዲያ እንዲህ አሉ። አገሬ ሩቅ ነው።"

"ሩቅ መሆኑ አይደለም።" መነጽራቸውን አወለቁ። ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል፣ ለሕፃን እንደሚነገር ተናገሩ። እህታቸው በወጣትነቷ ሩቅ አገር አግብታ ሄዳ ነበር። ባሏ ክፉ አልነበረም፣ ግን ቀኑን ሙሉ ሥራ ነው። በቤቱ ውስጥ ቋንቋዋን የሚያውቅ፣ ሊያውቅም የሞከረ ሰው አልነበረም። ስትመለስ የመናገር ፍላጎቷ ራሱ ጠፍቶ ነበር አሉኝ። አሁንም ከጓዳው ክፍል ናት፣ አትናገርም። "ናትናኤል በሌለ ሰዓት ልጄ በቤታችሁ ማንን ታናግራለች? ሲከፋት ለማን ትናገራለች?"

ይህ ጥያቄ የሮሜል ልምምድ ውስጥ አልነበረም። እኔ ራሴ አኑ ስትመጣ ወደ ጓሮ የምሸሽ ሰው ነኝ። ልጅቷን ብቻዋን የሚያደርጋት ቤት የእኔ ቤት መሆኑን የዚያን ጊዜ ገባኝ፣ አፈርኩም።

"እርስዎ እንዲህ አሉ" አልኩ። "ልጅዎ በእኔ ቤት ሲከፋት የምትነግረው ሰው የለም።"

ሚስተር ጆርጅ የራሳቸው ፍርሃት ከእኔ አፍ ሲወጣ ሰሙ። "አዎ" አሉ። "ያልኩት ይህን ነው።"

"እስከ አሁን አልነበረም። እውነት ነው። እኔ እንግሊዝኛ አፍር ነበር። ይህንን የምናገረውን በዚህ ጉዞ ነው የተማርኩት፣ ለእርስዎ ልናገር ብዬ። ትንሽ ነው። አልቆም። ባለቤቴም ትማራለች፣ እኔ አስተምራታለሁ። አኑ አማርኛ ትማራለች፣ ልጄ የእናንተን ይማራል። እስከዚያ ሲከፋት ለእኔ ትናገራለች። ካልገባኝ እንድትደግምልኝ እለምናታለሁ። ሳይገባኝ እሺ አልላትም። ይህን ቃል እሰጥዎታለሁ።"

ኦርሃን እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። ሚስተር ጆርጅ ዞር ብለው ለባለቤታቸው በቋንቋቸው አንድ ነገር አሉ፤ ባለቤታቸውም ወደ ውስጥ ገቡ። ቁጣ ይሁን ምን አላወቅንም። ከዚያ ሚስተር ጆርጅ ራሳቸው ወንበሮቹን ከግድግዳው እየሳቡ አንድ በአንድ ከኋላችን አስቀመጡ።

"አሁን ትቀመጣላችሁ?" አሉ።

ተቀመጥን። ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት፣ እንጀራ የምትመስል ነጭ ቂጣ በዓሣ ወጥ መጣች። ሮሜል "አንተ አይ እንዳትል" ብሎ በክርኑ ጎሸመኝ። አኑ ከመጋረጃው ወጥታ የአባቷን እግር ነካች፣ የእኔንም ልትነካ ስትጎነበስ ቀና አድርጌ ግንባሯን ሳምኳት። ናትናኤል ሲደውል ሚስተር ጆርጅ ስልኩን ተቀብለው "አባትህ እየበላ ነው፣ በኋላ ደውል" ብለው ዘጉበት።

ከተመለስኩ በኋላ

ሰርጉ ሆነ፣ ሚስተር ጆርጅም ባለቤታቸውን ይዘው መጥተው ሳሊተ ምሕረት አብረውን ሰነበቱ። አሁን አኑ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ከሰው ጋር ስቀመጥ እንግሊዝኛዬን ሰምቶ የሚስቅ አሁንም አለ። አቶ ደምሰው ዋናው ነው። እኔ እቀጥላለሁ።

ባለፈው ሳምንት አኑ ከቢሮ ተመልሳ ሰላም ሳትለን ወደ ክፍሏ ልትገባ አለፈች። ዓይኗ አብጧል። ናትናኤል ገና አልገባም። አስካለ እኔን አየችኝ። ተነስቼ አኑን ከበረንዳው ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፣ እኔም ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና ንገሪኝ አልኳት። እያለቀሰች ብዙ ተናገረች። ግማሹ አልገባኝም። "ድገሚልኝ" አልኳት። ዓይኗን ጠርጋ፣ ከመጀመሪያው ጀምራ ቀስ ብላ ደገመችልኝ።